ለክርክሩ ያልደረሰው ሰው

መርማሪዋ የክፍሉን በር ስትከፍት ብርዱ ፊቷን ገረፋት። ውጭ ዝናብ ያረገዘ ወበቅ ሰዉን በላብ አጥምቆታል፤ ከአዳራሹ ጀርባ ያለችው ይህች ጠባብ የእንግዳ ማረፊያ ግን የሥጋ ማቆያ መስላለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ኤሲ ባለ በሌለ ኃይሉ ይነፍሳል። ከሥሩ፣ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ፣ አንድ ሽማግሌ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ተቀምጧል። ላየው ሰው እንቅልፍ የወሰደው ይመስል ነበር፤ ገርበብ ባሉት ዓይኖቹ ነጭ ላይ ግን ደቃቅ ቀያይ ነጠብጣቦች ይታያሉ።

«ታፍኖ ነው» አለ የፖሊስ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ጥግ ካለው ሶፋ ትራስ የወጣ ክር ከንፈሩ ላይ አግኝቻለሁ። ልቡ ደካማ ስለነበር ብዙም አልታገለም።»

«መቼ?»

«ገላው በጣም ቀዝቅዟል። በዚህ ከሄድን ጠዋት ነው የሞተው።»

«ቆይማ» አለች መርማሪዋ። ጥያቄዋን ሁሉ በዚህች ቃል ስለምትጀምር ባልደረቦቿ ቅጽል ስም አድርገውላታል፤ ፊት ለፊት የሚጠራት ደፋር ግን እስካሁን አልተገኘም። «ይህን ኤሲ የከፈተው ማነው?»

«እኔ ስመጣም እንዲሁ ነበር።»

መርማሪዋ ወደ ወንበሩ ጠጋ አለች። የሟቹ ጃኬት መደገፊያው ላይ ተንጠልጥሏል። የሸሚዙ እጅጌ እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፤ የአንገቱ ቁልፎች ተፈትተዋል። ጭኑ ላይ የዕለቱ ፕሮግራም ለማራገቢያ እንዲመች ሆኖ ታጥፎ ወድቋል። ወረቀቱን ዘርግታ ርዕሱን አነበበች፦ «የምድር ሙቀት መጨመር፦ እውነተኛ ስጋት ወይስ ባዶ ማስፈራሪያ?»

ሟቹን የማያውቅ አልነበረም። ከተማው በሙሉ «ፕሮፌሰሩ» ይለዋል፤ ምድር እየሞቀች መሆኗን ሲለካና ሲያስረዳ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ሊከራከረው የነበረው ደግሞ የገዛ እህቱ ባል፣ «ፀሐይ እንደ ድሮዋ ናት፤ የሞቀው የእናንተ ጭንቅላት ነው» በሚል ቀልዱ የታወቀ አንደበተ ርቱዕ ጠበቃ ነው። ሁለቱ በጋዜጣ ሲነካከሱ፣ ሰዉም ለሁለት ተከፍሎ በየመሥሪያ ቤቱና በየታክሲው ሲጨቃጨቅ ዓመታት አልፈዋል። በአንድ መድረክ ለመቀመጥ ግን የዛሬው የመጀመሪያቸው ነበር።

መርማሪዋ መጀመሪያ ያነጋገረችው ክርክሩን ልትመራ የነበረችውን የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነው።

«ጠዋቱን ሙሉ መብራት አልነበረም» አለች ጋዜጠኛዋ እጆቿን እያፍተለተለች። «ማይክራፎን እንኳ መሞከር አቅቶን ስንጨነቅ ቆየን። መብራት የመጣው ታዳሚው መግባት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ከድምፅ ባለሙያዎቹ ጋር መድረክ ላይ ነበርኩ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«በዚህ በር ሳልፍ ፕሮፌሰሩና ጠበቃው ሲጯጯሁ ሰማሁ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፕሮፌሰሩ ‹ዛሬ እናገረዋለሁ፤ ማንም አያስቆመኝም› ይላሉ። ጠበቃው ደግሞ ‹አብደሃል! አልፈቅድልህም!› እያለ ይጮኻል። እንግዲህ…»

«እንግዲህ ምን?»

«ኧረ እኔ ምንም አላልኩም።»

«ብለዋል እንጂ። ሬሳውን ያገኘው ማነው?»

«ረዳታቸው። ፕሮፌሰሩን ወደ መድረክ ልጠራ ስመጣ ኮሪደሩ ላይ እየሮጠ መጥቶ ተላተመኝ። ‹ጋሼ ሞተዋል!› ይላል። መነጽሩ በእንባ ጉም ለብሶ የሚረግጥበትን እንኳ አያይም። በሸሚዙ ጠርጎ ሲያደርገው ተመልሶ ጉም ይለብሳል፤ እንደገና ይጠርጋል። አንጀቴን በላው።»

ጠበቃው ባዶው አዳራሽ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። መርማሪዋን ሲያይ ግዙፍ ሰውነቱን አንሥቶ ቆመ።

«ይጠርጥሩኝ። በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም የማስረው ራሴን ነበር።»

«ይቆዩማ፣ ለመታሰር አይቸኩሉ። ለምን ጮኹበት?»

«እሱን አልናገርም።»

«እሺ። ክፍሉ እንዴት ነበር?»

ጠበቃው ጥያቄው ግራ ገባው። «ክፍሉ? ምድጃ ነዋ! መብራት የለ፣ መስኮቱ አይከፈት። እሱ ጃኬቱን አውልቆ በወረቀት እያራገበ ‹አሁንም ሙቀት የለም በለኝ› ብሎ ቀለደብኝ።» ክራቫቱን አላላ። «ከዚያ ወጥቼ ሚስቴን በረንዳው ላይ አገኘኋት። ጋዜጠኞች ከበቡን። መብራት ሲመጣ አብረን ገብተን እዚሁ ተቀመጥን፤ ጩኸቱን እስክንሰማ አልተነሣንም።»

የሟቹ እህት በረንዳው ላይ ብቻዋን ነበረች። ከባሏ ርቃ መቀመጧ ከመርማሪዋ ዓይን አላመለጠም።

«ወንድም ጋሼ ኤሲ አይወድም ነበር» አለች ሳትጠየቅ። «አንገቱን ይይዘዋል። ቤቴ ሲመጣ ገና ከደጃፍ ‹ያን ነገር አጥፊልኝ› ነው የሚለው። እዚያ ብርድ ውስጥ ሳየው ማን እንደዚህ ጨከነበት ብዬ…» ወደ አዳራሹ በር አየች። «ባሌ ከዚያ ክፍል ሲወጣ ሳያየኝ አልፎኝ ሊሄድ ነበር። ‹ምን ሆነሃል?› ብለው ‹ቃል ገብቻለሁ› ብሎ ዘጋኝ። ስንት ዘመን አብሬው የኖርኩትን ሰው ይኸው ዛሬ በጎን ዓይኔ አየዋለሁ።»

በመጨረሻ የፕሮፌሰሩ ረዳት ቀረበ። ቀጭን ጎልማሳ ነው፤ ወፍራም መነጽር አድርጓል።

«ጠዋት ሐይቁ ዳር ያለው የመለኪያ ጣቢያችን ነበርኩ፤ ዘበኛው ምስክሬ ነው። ከዚያ መጥቼ በኋላ በር ገባሁ። የክፍሉን በር ስከፍት ጋሼን አየኋቸው። እግሬን እንኳ አላስገባሁም፤ አኳኋናቸው ስላስደነገጠኝ ወዲያው ሮጥኩ።»

«አልነኳቸውም?»

«ኧረ በፍጹም!» መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። «ማን እንዳደረገው ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ጋሼ ዛሬ መድረክ ላይ ቢወጡ ያ ሰውዬ አፉን ይዞ ነበር የሚሄደው።»

«የእርስዎ ሥራ ምንድን ነው?»

«የሙቀት ልኬት። መሣሪያዎቹ በእኔ እጅ ናቸው።»

መርማሪዋ አመስግናው ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ሐኪሙም መነጽር ያደርጋል። ደጃፉ ላይ አቆመችውና ወዲያው ወደ ኮሪደሩ መለሰችው። ከዚያ ደግሞ ውስጥ አስቀምጣ፣ እስኪንቀጠቀጥ ካቆየችው በኋላ አስወጣችው።

«ኧረ ምንም አይታየኝም!» እያለ ግድግዳ ሲዳብስ፣ መርማሪ ቆይማ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

አራቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መድረኩ ላይ ለሁለቱ ተከራካሪዎች የተዘጋጁት ወንበሮች ባዷቸውን ተፋጠዋል። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሬሳው ቀዝቃዛ ስለነበር ሰውዬው ጠዋት የሞተ መሰለን» ብላ ጀመረች። «ጠዋት አብሮት የነበረው ደግሞ ጠበቃው ነው፤ ጩኸትም ተሰምቷል። ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። ግን ሟቹ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ወረቀት አጥፎ ሲያራግብ ነበር። ኤሲ በተከፈተበት ክፍል ማን ያራግባል? በሕይወት ሳለ ክፍሉ ሞቃት ነበር ማለት ነው።»

«መብራት ሲመጣ ራሳቸው ከፍተውት ቢሆንስ?» አለ ረዳቱ።

«አንገቱን የሚያመው ሰው? ያውም ጃኬቱን ሳይለብስ፣ እጅጌውን ሳያወርድ? አይደለም። ኤሲው የተከፈተው ከሞተ በኋላ ነው፤ ገላው ቶሎ ቀዝቅዞ ጠዋት የሞተ እንዲመስል። ጠዋት ደግሞ መብራት አልነበረም። ስለዚህ ገዳዩ መብራት ከመጣ በኋላ እዚያ ክፍል የነበረ ሰው ነው። ያኔ ጠበቃውና ባለቤቱ እዚህ ፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ ጋዜጠኛዋ መድረክ ላይ ናት። አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቷቸዋል።»

የሟቹ እህት ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«እኔ ያን ጊዜ ገና መንገድ ላይ ነበርኩ!» አለ ረዳቱ።

«ቆይማ። ከደጃፉ አላለፍኩም ነው ያሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ግን መነጽርዎ ጉም ለብሶ ነበር። ጋዜጠኛዋ እንባ መሰላት። እንባ አንዴ ከጠረጉት ያበቃል፤ የእርስዎ ግን እየተጠረገ መልሶ ጉም ይለብስ ነበር። ይህ የሚሆነው መስታወቱ ራሱ ቀዝቅዞ ወበቅ ሲያገኘው ነው። በር ከፍቶ በሮጠ ሰው ላይ አይሆንም፤ ሞክረነዋል። እርስዎ ክፍሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ፣ ሰው እንዳይገባ በሩን ዘግተው፣ ከሬሳው ጋር ተቀምጠዋል። ብርድ ገላን እንዴት እንደሚያታልል ደግሞ ሙቀት ሲለካ የሚውል ሰው አይጠፋውም።»

ረዳቱ ወደ በሩ ሲመለከት ሁለቱ ፖሊሶች አንድ እርምጃ ቀረቡ።

«ለምን እንደገደሉት ግን አላውቅም» አለች መርማሪዋ ወደ ጠበቃው ዞራ። «የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

«መድረክ ላይ እስኪናገረው ድረስ ለማንም እንዳልተነፍስ ቃል አስገብቶኛል።»

«አሁን እኮ መድረክ የለም!» አለች ሚስቱ ከመቀመጫዋ ተነሥታ። «ወንድሜ ሞቷል! ተናገር እንጂ!»

ጠበቃው ቁና ቁና ተነፈሰ። «የሐይቁ ዳር ጣቢያ ልኬት ውሸት ነው። ሙቀቱ ከሆነው በላይ ተደርጎ ነው ሲመዘገብ የኖረው። ፕሮፌሰሩ በቅርቡ ደረሰበትና ሊያጋልጠው ቆረጠ። ‹ማን አደረገው?› ስለው ‹መጀመሪያ ለሠራው ሰው ራሱ ነግሬ ከእኔ ጋር እንዲቆም እጠይቀዋለሁ› አለኝ። እኔ ደግሞ ጮኽኩበት። በሕዝብ ፊት ራሱን ሊያዋርድ ነው ብዬ! ላሸንፈው እንጂ እንዲሸነፍልኝ አልፈልግም ነበር።»

«አያችሁ?» አለ ረዳቱ በድንገት። ድምፁ ተሰነጣጠቀ። «ይህ ሰውዬ ነገውኑ ‹ሁሉም ውሸት ነው› ይላል፤ ሰዉም ተመልሶ ይተኛል። ትክክለኛውን ቁጥር ሳሳይ ማንም አይሰማኝም ነበር። ትንሽ ከፍ ሳደርገው ሰሙ። ጋሼን ለመንኳቸው… እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። ‹እውነቱ የአንተን እርዳታ አይፈልግም› አሉኝ። የስንት ዘመን ሥራችንን በአንድ ከሰዓት ሊያፈርሱት!»

«ሥራው የእሱ ነበር» አለች የሟቹ እህት በዝግታ። «ሊያፈርሰውም ሊያድነውም መብቱ ነበር። አንተን ልጄ ይልህ ነበር እኮ።»

ፖሊሶቹ ረዳቱን ክንዱን ይዘው ሲያወጡት መነጽሩን አውልቆ በእጁ ይዞት ነበር።

ጋዜጠኛዋ ማስታወሻዋን አወጣች። «ነገ አድማጭ መልስ ይጠብቃል» አለች ለጠበቃው። «ስቱዲዮ ይመጣሉ?»

«እመጣለሁ።»

«ምን ልትል?» አለች ሚስቱ።

«እሱ ሊል የነበረውን። የአንዱ ጣቢያ ልኬት ተበላሽቷል፤ የቀሩት ሁሉ ትክክል ናቸው፤ ያለ እሱም ምድር እየሞቀች ነው። እንዲህ ነበር ያለኝ።»

«አንተ ታምንበታለህ?»

ጠበቃው ወደ ሁለቱ ባዶ ወንበሮች አየ።

«አላውቅም» አለ። «ግን የመጀመሪያውን ብቻ ተናግሬ የቀረውን ብውጠው፣ ከዚያ ልጅ በምን ልሻል ነው?»

ሚስቱ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እጁንም ያዘች።

«መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ» አለችው። «ያለህን ሁሉ። የቀለደውንም ጭምር።»

ጠበቃው መናገር ሲጀምር መርማሪዋ ለጋዜጠኛዋ በዓይኗ ምልክት ሰጠቻትና ሁለቱም ቀስ ብለው ከአዳራሹ ወጡ። ውጭ ዝናቡ ጀምሯል።