ጡሩምባና የባለቦቴው ልጅ

«በገዛ እግርሽ? እማዬ፣ በገዛ እግርሽ እሱ ቢሮ ሄድሽ?»

እናትየው የነርስ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጫማዋን መፍታት ጀመረች። «አዎ ሄድኩ። ምን ላድርግ? ክሊኒኩ በተቅማጥ በሚያለቅስ ሕፃን ተሞልቷል። ሁሉም ከታች ሰፈር፣ ሁሉም ከእኛው ቧንቧ የጠጡ ናቸው። የሰሞኑ ጎርፍ ቱቦውን ሰብሮ ቆሻሻ አስገብቶበታል። ከንቲባው እሱ ነው፤ ለማን ልንገር?»

«ለፈለግሽው ንገሪ! ለእሱ ብቻ አይሁን!»

ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስትናደድ ግን እንደ ሕፃን መሬቱን በእግሯ ትደበድባለች። አሁንም ደበደበችው። ደግሞስ ማን ይፈርድባታል? የምርጫው ሰሞን ሙሉ፣ እናቷን ከንቲባ ለማድረግ ሞንታርቦ የተጫነበት ፒክአፕ ላይ ቆማ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ የጮኸችው እሷ ናት። ትምህርት ቤት «ጡሩምባ» የሚል ስም የወጣላትም ያኔ ነው። ይሄ ሁሉ ጩኸት ታዲያ ምን ሆነ? እናቷ ለጥቂት ተሸነፈች። ያሸነፈው ባለቦቴው ነው፤ ውሃ የሚያመላልሱ ቦቴ መኪኖች ያሉት ሰውዬ።

ሽንፈቱንስ ትችለው ነበር። በባለቦቴው መኪና ላይ ማይክ ይዞ ሲዞር የከረመው ግን የሰውዬው ልጅ ነው፤ ከእሷ ጋር አንድ ዴስክ የሚቀመጠው፣ ሒሳብ ሲከብዳት ቁጭ ብሎ የሚያስረዳት ልጅ። አንድ ቀን ልክ በራቸው ላይ ሲደርሱ «የክሊኒክ መድኃኒት በቦርሳዋ እየከተተች ወደ ቤቷ የምታሸሽ ነርስ ከተማ ልትመራ?» ብሎ ለቀቀው። እናቷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላውን አስቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ከኋላ ዴስክ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው።

በሩ ተንኳኳ። «ቤቶች!» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። ባለቦቴው ነው፤ ልጁም ከኋላው ቆሟል።

የልጅቷ ደም ፈላ። «ጭራሽ ደፍረው ቤታችን መጡ?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ!» አለች እናቷ። «ይግቡ፤ ይቀመጡ።»

ሰውዬው አልተቀመጠም። «እህቴ፣ ጉድ ሆነናል። በራዲዮ አስነገርኩ፤ ወረቀት አስለጠፍኩ። ‹የቧንቧውን አትጠጡ፤ ቦቴዎቹ ትምህርት ቤቱ በር ላይ በነፃ ያድላሉ› ብዬ ለፈለፍኩ። ላይ ሰፈር ሰማኝ። ከታች ሰፈር ግን ጀሪካን ይዞ የመጣ አንድ ሰው የለም። ‹የራሱን ውሃ ሊሸጥልን ነው› ይሉኛል።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «ይሄን ማን እንዳስተማራቸው አንቺም ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። «ባለቦቴው ሲመረጥ ቧንቧችሁ ይደርቃል፣ ቦቴው ይደምቃል!» የሚለውን ዘፈን ያወጣችው ራሷ ናት። የሰፈሩ ሕፃናት ሳይቀሩ ኳስ ሲጫወቱ ይዘፍኑታል።

«እነሱ የሚሰሙት ያንን ድምፅ ነው» አለ ሰውዬው። «ወጥተሽ ንገሪያቸው፤ ለእኔ ብለሽ አይደለም።»

«እናቴን ሌባ ስትሉ አላፈራችሁም፤ ዛሬ ደግሞ ድምፄ አማራችሁ?» እንባዋ ሊመጣባት ሲል ንዴቷ ጨመረ። «አታፍሩም? እውነት ግን አታፍሩም?»

ልጁ ጫማውን ያያል።

«ስለ ስሜ እኔ ራሴ እጣላቸዋለሁ» አለች እናት፣ ቀስ ብላ፤ ግን ከልጅቷ ባልተናነሰ ንዴት። ወደ ሰውዬው ዞረች። «የተውኩት እንዳይመስልዎት። እነዚያ ሕፃናት ግን የእኛ ጠብ እስኪያልቅ አይጠብቁም። ልጄ፣ ሂጂ።»

ልጅቷ በሩን ላያቸው ላይ ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ወጣች፤ ወጥታም ባለቦቴው ሞንታርቦ ጭኖ ከነሾፌሩ ደጃፍ ያቆመው ፒክአፕ ላይ ተሰቀለች። ልጁ ተከትሏት ወጣ።

«ራቅ በል ከጎኔ።»

«ወዴት ልራቅ? መኪናው ይሄው ነው።»

«እንግዲያው ተንጠልጠል።»

መንጠልጠል አልቻለም፤ ምክንያቱም የማይኩ ገመድ ከማጉያው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላልቷል። አንዱ ጎንበስ ብሎ ይዞ ካልቆመ ለሌላው ድምፅ አይወጣም። ልጁ ጎንበስ ብሎ ያዘላት።

«ያንን ነገር ጽፈው ነው የሰጡኝ፤ እኔ...» ብሎ ጀመረ።

«አንብበኸዋል። ዝም በል።»

ታች ሰፈር መሃል ሲደርሱ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «የሰፈራችን ሰዎች፣ የቧንቧው ውሃ ተበክሏል! እንዳትጠጡ!» ድምፅዋን የሰሙ ሕፃናት እየሮጡ መጡና መኪናውን ከበቡ፤ ከዚያም በአንድ አፍ «ቧንቧችሁ ይደርቃል፣ ቦቴው ይደምቃል!» ብለው አቀለጡት። ምርጫው የተመለሰ መስሏቸዋል። ሰውም ከየበሩ እየወጣ ይስቃል።

ቦኖው ጋ አንዲት ጎረቤታቸው አሮጊት ጀሪካን ይሞላሉ። አጠገባቸው የልጅ ልጃቸው የፕላስቲክ ኩባያ ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች።

«አንቺ ጡሩምባ! ከዚህ ልጅ ጋር ምን ታደርጊያለሽ? ገዙሽ እንዴ?»

«ኧረ እማማ፣ ማን ይገዛኛል! ውሃው በሽታ አለው፤ ይድፉት!»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። ቀልድ አይደለም፤ የምር ግራ ገብቷቸዋል። «እንግዲያው አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ይሄ እውነት ነው ወይስ ምርጫ?»

ልጅቷ ማይኩን ዝቅ አደረገች። ‹እናቴ ናት ያለችው› ብትል ያምኗታል፤ ቧንቧውንም ይተዋሉ። ግን ከዚያ ምን ይጠጣሉ? ወደ ቦቴው ዝር የሚል የለም። ልጁን ጠላችው፤ አባቱን ጠላች፤ ወደዚህ የላከቻትን እናቷንም ጠላች። ከሁሉም በላይ ያቺን ቤት የምትመታ ዘፈኗን ጠላቻት፤ ደስ ትላት ነበርና። ትንሿ ልጅ ኩባያዋን ከቧንቧው አፍ ስር ደቀነች።

«ያዝልኝ» አለች ወደ ልጁ ሳትዞር። ገመዱን ጠበቅ አደረገው።

«ባለቦቴው ያለው እውነት ነው!» ድምፅዋ ሰፈሩን ሞላው፤ ሕፃናቱም ጸጥ አሉ። «እሱ ራሱ ያለው፣ ዛሬ ያለው፣ እውነት ነው። እናቴ በዓይኗ አይታለች። ጀሪካናችሁን ይዛችሁ ወደ ቦቴው ሂዱ። ያንን ዘፈን ደግሞ ተዉት። ቤት ስለመታልኝ ብቻ ነው ያልኩት።»

የሳቀ የለም። አሮጊቷ ኩባያውን ከልጅ ልጃቸው እጅ ቀምተው ደፉት። ከዚያ ጀሪካኑን በእግራቸው ገፉት፤ ውሃው መንገዱ ላይ ፈሰሰ። አንዲት ሴትዮ ባዶ ጀሪካን አንስታ ወደ ትምህርት ቤቱ አቅጣጫ መሄድ ስትጀምር ሌሎችም ተከተሏት።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። የልጅቷ ንዴት አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈለገችም። ማይኩን ወደ ልጁ ዘረጋችው።

«ምን ላድርገው?» አለ።

«ቀጥሎ የምናልፈው በእናቴ ክሊኒክ በር ነው። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ ስለ እሷ ያነበብከውን የሰማ ሁሉ አሁንም ይሰማል።»

ልጁ ፊቱ ቀላ። «የጻፈልኝ የለም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ማይኩን ተቀበላት፤ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቷ አላየችውም። የክሊኒኩ በር ብቅ ሲል ግን ጎንበስ ብላ ገመዱን ያዘችለት።