ጨው የለመደችው ኮርቬት

ሎሬታ ፒኬንስ በገዛ መኪናዋ መሪ ፊት፣ ራሷን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጋ እንደተቀመጠች ሞታ ተገኘች። የጋራዡ በር ዝግ ነበር። ሞተሩ ነዳጁን ጨርሶ ጠፍቷል፤ ቁልፉ ግን እንደተጠመዘዘ ነው። ያገኛት ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ወንድሟ ቨርጂል ሲሆን፣ ከቦውሊንግ ጨዋታ ተመልሶ በሩን ሲከፍት ጭሱ ፊቱን መታው።

የፖሊስ አዛዡ ሀንክ ዶብስ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። አሮጊቷ ሞተሩን አስነስታ ተቀመጠች፣ በሩ ተዘጋባት፣ ጭሱ ገደላት። በሩን ማን ዘጋው ለሚለውም መልስ አልጠፋም።

«ወደ ቦውሊንግ ስወጣ በሩ ክፍት ነበር፤ በረዶ ይገባል» አለ ቨርጂል እያለቀሰ። «ከውጭ ሳብኩና ዘጋሁት። ወደ ውስጥ አላየሁም። ሞተሩ ተነስቶ እንደሆነም አልሰማሁም፤ ጆሮዬን ፋብሪካው በልቶታል። እህቴን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

ይህን የነገራት ለመርማሪ ኦዴሳ ፕሩት ነው፤ ዶብስም አጠገቧ ቆሞ ቃሉን ጻፈ። ኦዴሳ አጭር ሴት ናት፤ አለቃዋ «በቃ» ባለ ቁጥር ወንበር ስባ የምትቀመጥ። ሽማግሌው ቀሪ ዕድሜውን ይህንን እያለ እንዲገፋው ልትተወው አልፈለገችም። ሳታጣራ ልታጽናናውም አልወደደችም።

የሎሬታን መኪና በፍሊንት ከተማ የማያውቃት የለም። ቀይ ኮርቬት፣ ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ናት፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏታል። ሌላው ሰው እንዲህ ያለችውን ክረምቱን ሙሉ ሸራ አልብሶ ያስተኛታል፤ ፀሐይ ስትወጣ ለትርኢት ያወጣታል። ሎሬታ ግን በየቀኑ ትነዳት ነበር። ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ፣ በረዶው እንዲቀልጥ መንገድ ላይ በሚበተነው ብረት የሚበላ ጨው ላይ ሳይቀር፣ ከኋላዋ የድንች ጆንያ ጭና። «ምናለ ብታሳርፊያት?» ሲሏት «እኔንስ ማን አሳረፈኝ? ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው መኪና ስገጣጥም ኖሬ የራሴን ልፍራት?» ትላለች። ልክ ነበረች፤ ይህን የምተርክላችሁ እኔም እንደሷ ነው የማስበው።

ኦዴሳ ጋራዡ ውስጥ ቁጢጥ አለች። ከጎማዎቹ የቀለጠው በረዶ ወለሉን አጨቅይቶታል። የሎሬታ ቦት ጫማዎች ከመኪናው ርቀው ግድግዳው ሥር ጋዜጣ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሟቿ በካልሲ ነች። ኦዴሳ የካልሲዎቹን መርገጫ አየች።

«ሀንክ፣ ካልሲዋ ነጭ ነው።»

«ታዲያስ? አጥባው ይሆናል።»

«ደረቅም ነው።»

«ኦዴሳ፣ በቃ።»

ኦዴሳ አንድ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት።

መጀመሪያ ያነጋገረቻት የሎሬታን ጎረቤት አይሬና ቮዝኒያክን ነበር። አይሬና በሞተሩ ድምፅ ሎሬታን ደጋግማ ከሳታለች።

«እንድትሞት ተመኝተው ያውቃሉ?»

«በየጠዋቱ! ጎህ ሳይቀድ ግድግዳዬን ታንቀጠቅጠው ነበር። ዛሬ ጸጥ ሲል ደግሞ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አለችና አፍንጫዋን ጠረገች።

«ጫማዋን አውልቃ ስትነዳ አይተዋታል?»

«ሎሬታን? ያንን ቦት አድርጋ ሳትተኛም አትቀርም!»

የሎሬታ የእንጀራ ልጅ ብራይስም ያንኑ ሁለት ጥያቄ ስትጠይቀው ዓይኑን አላሸም።

«ቤቱን እፈልገው ነበር፤ አልዋሽሽም። መኪናዋን ግን በነጻም አልነዳትም። ማሞቂያዋ አይሠራ፣ የፍሪሲዮን ፔዳሏ ጉልበት ይሰብራል። በባዶ እግር ማን ይረግጠዋል?»

«አሁን ላንተ ደርሳለች። ምን ልታደርጋት ነው?»

«ለጋስኪል እሸጣታለሁ። ስንት ዘመን ሲለምነኝ!»

ቶርንተን ጋስኪል የአሮጌ መኪኖች ክበብ ሊቀመንበር ነው። የራሱ መኪና ወደ ትርኢት የምትሄደው በተጎታች ላይ ተጭና ነው፤ ጎማዋ አስፋልት ከነካ ዓመታት አልፈዋል። ኦዴሳን በትሕትና ተቀበላት።

«የሞተች ዕለት አመሻሽ ላይ ቡና ይዤላት ሄጄ ነበር። ከገበያ መመለሷ ነው። ክረምቱን እኔ ዘንድ እንድታሳርፋት ለመንኳት፤ ሳቀችብኝ። ቡናችንን ወጥ ቤት ጠጥተን ተሰናበትኳት።»

«ተናደዱ?»

«አዘንኩ እንጂ! እንደዚያች ያለች ስንት ቀርታለች? እሷ ድንች ትጭንባታለች!»

በማግስቱ የሎሬታ ደም ምርመራ ደረሰ፤ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኝቶበታል። ዶብስ ትከሻውን ሰበቀ።

«ሽማግሌዎች ይወስዳሉ። መዝገቡን ዝጊው።»

«ቤቷ ውስጥ አንድ ፍሬ እንኳ የለም። የምትፈልገው ከሆነ አንተ ዝጋው፤ እኔ አልዘጋም። ዛሬ ከሰዓት ግን ጋራዡ ድረስ ና።»

ከሰዓት በኋላ ያነጋገረቻቸው ሁሉና ቨርጂል ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። ውጭ በረዶው እየጣለ ነበር፤ የሁሉም እግር ጭቃና ጨው ነው። ኦዴሳ የኮርቬቷን በር ከፈተችው።

«አንድ ነገር ብቻ ላስቸግራችሁ። ሎሬታ ከተቀመጠችበት ሆኖ የጋራዡ በር በኋላ ማሳያው መስታወት ይታይ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። በየተራ ገብታችሁ ንገሩኝ።»

አይሬና እያጉረመረመች ገባች። «ይታያል። ወገቤን!» ብራይስ ከነጭቃው ዘሎ ገባና በሩን ደርግሞ ወጣ። ቨርጂል እህቱ በሞተችበት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ቦቱ ምንጣፉ ላይ ጥቁር ምልክት ተወ።

ጋስኪል ያንን ምልክት ሲያይ ፊቱ ተጨማደደ። ከዚያ አጎንብሶ ጫማዎቹን ፈታ፤ አወለቃቸው። ጥግ ካለው ክምር አንድ ጋዜጣ ስቦ ዘረጋና ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። አንድ እግሩን መኪናው ውስጥ እንዳስገባ ሁሉም ካልሲውን እያዩ መሆኑን አስተዋለ።

«ምነው?» አለ።

«ጫማዎን ለምን አወለቁ ሚስተር ጋስኪል?»

«ልማድ ነው። በክበባችን ማንም ከነጫማው መኪና ውስጥ አይገባም።»

«አውቃለሁ» አለች ኦዴሳ። «እዚህ ካለነው መካከል ግን ይህ ልማድ ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሎሬታ አልነበራትም። የፍሪሲዮን ፔዳሉ በባዶ እግር የሚረገጥ አይደለም። ራሷ አውልቃ ቢሆን ኖሮ ቦቶቹ መኪናው ሥር በተገኙ። ግድግዳው ሥር አውልቃ ሄዳ ቢሆን ደግሞ ይህን ሁሉ ጭቃ በካልሲ ትረግጥ ነበር። ካልሲዋ ግን ደረቅና ነጭ ነው። ስለዚህ በእግሯ አልመጣችም፤ ተሸክሟት የመጣ ሰው አለ። ያ ሰው ልትሞት ያለችን ሴት ታቅፎ እንኳ፣ ጨው የነካው ቦት ምንጣፉ ላይ እንዲያርፍ አልጨከነም።»

«ይሄ ማስረጃ ነው?» አለ ጋስኪል፤ ድምፁ ቀጠነ።

«ቡናውን ይዘው የመጡት እርስዎ ነዎት፤ መድኃኒቱ ደሟ ውስጥ አለ። ወጥ ቤት እንቅልፍ ሲጥላት ከቤቱ ወደ ጋራዡ በሚያስገባው በር ተሸክመው አመጧት፤ ሞተሩን አስነስተው ወጡ። ቦቷ ተረከዝ ላይ ደግሞ የእሷ ያልሆነ የጣት አሻራ አለ። እስከ ዛሬ ከማን ጣት ጋር እንደማመሳክረው አላውቅም ነበር።»

ጋስኪል በካልሲው ቆሞ ጣቶቹን ደበቀ። ከዚያ በድንገት ጮኸ።

«ገዳይስ እሷ ነበረች! በየክረምቱ በጨው ስታስበላት ዝም ብዬ ልይ? እኔ እኮ መኪናዋን ነው ያዳንኳት!»

«የሰው ነፍስ ነው ያጠፋኸው፣ አንተ እብድ!» አለች አይሬና።

ዶብስ ካቴናውን አወጣ። ኦዴሳ ወደ ቨርጂል ዞረችና አፏን እንዲያይ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«እርስዎ በሩን ሲስቡ ሞተሩ አልተነሳም ነበር። ይህ ሰው ከመንገድ በሚታይ ክፍት በር እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም። እርስዎ ባይዘጉት እሱ ይዘጋው ነበር።»

ቨርጂል ወደ ትልቁ በር ሄደና እስከ ላይ ከፈተው፤ በረዶውም ብርዱም፣ ደጅ የተሰበሰበው ጎረቤትም ገባ።

«አዛዥ!» ሲል ጮኸ። «እኔ ነኝ የገደልኳት ብዬ ቃሌን ስሰጥ በደንብ ጽፈህ ነበር። አሁን የጻፍከውን ሰርዝና፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ ማን እንደገደላት ንገረኝ!»

ዶብስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እህትህን የገደላት ቶርንተን ጋስኪል ነው። አንተ አይደለህም።»

«አልሰማሁም!»

ዶብስ ፊቱ ቀልቶ ድምፁን ከፍ አደረገ። «አንተ አይደለህም ቨርጂል!»

ቨርጂል ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ፊት ተራመደ።

«እንደገና» አለ።