ያልነበረው ግንብ

ፕሮፌሰር ፒዮ ጊዮንግጁ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው፣ ከፎቁ ደረጃ ግርጌ ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ዓይናቸው ላይ የኮምፒውተር መነጽር ነበር። ያንን አጥልቀው ፎቁ ላይ ሲመላለሱ፣ ከሺህ ዓመት በፊት የነበረችውን ጊዮንግጁን በእግራቸው ይጎበኟት ነበር። ከሁለት ረዳቶቻቸው ጋር ሆነው በኮምፒውተር መልሰው የሠሯት፣ ሕዝብም በድረ ገጽ የሚያያት ከተማ ናት።

መርማሪ ሄሱክ መነጽሩን አድርጋ ፎቁ ላይ ቀስ እያለች ተራመደች። ደረጃው አፍ ላይ ስትደርስ መነጽሩ ውስጥ የድንጋይ ግንብ ከፊቷ ተገተረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ደረጃው እንዳይጥላቸው እኔ የሠራሁት ነው» አለ ታክ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነው ረዳታቸው። «አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልሳቱትም።»

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ።»

«ማን ያልተጣላቸው አለ? ሚስታቸውን እንኳ በኪምቺው ጎመን ጨው ይነታረኳቸው ነበር!»

ሚስታቸው ወይዘሮ ኦክቹን ጓሮ ጎመን እያጠቡ ነበር። «ቧንቧው ሲንፏፏ ምን ይሰማል ብለሽ ነው» አሉ፤ እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ።

የጥንቱን ቤቶች የምትስለው ሁለተኛዋ ረዳት ሶዪ ግን ሄሱክን ቀና ብላ አላየቻትም። «ከቁፋሮው ቦታ ስመጣ ሞተው አገኘኋቸው። ወዲያው አምቡላንስ ጠራሁ።»

ሄሱክ መነጽሩን ለታክ ሰጠችው። «እስቲ የግንቡን ክዳን እየው። ሸክላው ያንተ ነው?»

«የኔማ ሸክላው ላይ ያለው አበባ ባለ ስምንት ቅጠል ነው... ይሄ ስድስት ነው! ማን ነካብኝ?»

ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሰው ግንብ እያየ ወደ ፊት አይራመድም» አለች። «ፕሮፌሰሩ የወደቁት ግንቡ ስላልነበረ ነው። አሁን ግን አለ። እንግዲህ አንድ ሰው አንሥቶት ነበር፤ ከወደቁ በኋላ ደግሞ መለሰው። ከቁፋሮው ቦታ እንዳጣራሁት፣ ባለ ስድስት ቅጠሉ ሸክላ ከመሬት የወጣው ትናንት ነው። ከእናንተ መካከል ያየችው ሶዪ ብቻ ናት።»

ሶዪ አመነች። «ቁፋሮው እዚያ ቦታ ግንብ እንዳልነበረ አሳየን። ለሕዝብ ውሸት ማሳየት ከበደኝና ዛሬ ጠዋት እዚያው ሆኜ በቁፋሮው ቦታ ኮምፒውተር አጠፋሁት። ደረጃው ትዝ ያለኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው። እየሮጥኩ መጣሁ... ወድቀዋል። የቀድሞው ጠፍቶ ስለነበር እንደ አዲስ ሠራሁት፤ በእጄ የነበረው የሸክላ ሥዕል ያ ብቻ ነው።»

«ስህተት ነው እኮ!» አለ ታክ። «በስህተት ሰው ይታሰራል እንዴ?»

«ኮምፒውተሩ እንደመዘገበው ግንቡ የተመለሰው ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ነው» አለች ሄሱክ። «አምቡላንሱ የተጠራው ሦስት ከሃያ ነው።»

ወይዘሮ ኦክቹን ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ልጄ፣ ስትደርሺ ሞቶ ነበር?»

ሶዪ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«አልሞቱም ነበር። ‹ሶዪ፣ ድረሺልኝ› አሉኝ። ‹መጣሁ› አልኳቸውና ፎቅ ወዳለው ኮምፒውተር ወጣሁ።»