አራተኛው ጥያቄ

ሽማግሌው በእርዳታ ድንኳኑ ውስጥ ሞተው ሲገኙ አንሶላው በደም ርሶ ነበር። ረፋዱ ላይ ከተማው «የውጭው ሐኪም በመርፌ ገደላቸው» ብሎ ድንጋይ ይዞ አጥሩን ከበበ።

ከሁሉ ይበልጥ አንገቱን የደፋው አስተርጓሚው ነው። ሟች የሚስቱ አባት ናቸውና ሰው ሁሉ ኀዘን ነው አለለት። ጥፋቱን ግን ሆዱ ያውቀዋል።

«ወንፊት» የሚሏት፣ ገለባ የማያልፋት መርማሪ መጣች። አልጋውን ዞራ አየችና በአስተርጓሚው በኩል ሐኪሙን ጠየቀች።

«ምን ነበር የወጓቸው?»

«ደም የሚያቀጥን መድኃኒት። እግራቸው ውስጥ ደም ረግቶ ነበር።»

«ለሚደማ ሰው ይሰጣል?»

«በፍጹም! ለዚህ እኮ ነው አስቀድሜ አራት ነገር የምጠይቀው፤ የልብ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ሌላ መድኃኒት፣ ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጣ ደም። ይኸው፣ ወረቀቱ ላይ አራቱም ‹የለም› ተብሏል።»

የመጨረሻውን ሲያቀብል የአስተርጓሚው ድምፅ ዝቅ አለ። ወንፊት ቀና ብላ አየችው።

ከሟች አልጋ አጠገብ የተኛው ልብስ ሰፊ እግሩ ቢሰበርም ምላሱ ደህና ነበር።

«እሳቸውን ለማናገር እኮ መለከት ያስፈልጋል! አማችየው ሲጮህባቸው ድንኳኑ ይነቃነቃል። ‹ልብዎን ያምዎታል? ትንፋሽ ያጥርዎታል? ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?› ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ።»

«አራተኛውስ?»

«የምን አራተኛ? ሦስት ነው እንጂ!»

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙን፣ ድንኳኑን የሚያስጠብቀውን የውጭ ሻምበል፣ ልብስ ሰፊውንና የሟችን ሚስት ሰበሰበች። አስተርጓሚው መቀመጥ አቃተው።

«መርዝ የለም» አለች። «አራት መልስ ተጽፏል። ጆሮው ለማይሰማ ሰው በሹክሹክታ አይነገርም፤ ጎረቤት የሰማው ግን ሦስት ጥያቄ ነው። ስለዚህ አንዱን መልስ የሰጡት ሟች አይደሉም። የቀረው የደሙ ነው። ይህን የሚስቱን አባት፣ ያውም ሰው እየሰማ፣ ጮኾ ለመጠየቅ የሚያፍር ማነው?» ወደ አስተርጓሚው ዞረች። «‹የለም› ያልከው አንተ ነህ።»

«አፈርኩ» አለ። «ልጃቸውን አግብቼ በምን አፌ? ደግሞ ደህና መስለውኝ ነበር። ገደልኳቸው።»

«አማቹን አስተርጓሚ ያደረገው ማነው?»

ጥያቄውን አስተርጓሚው ራሱ ተርጉሞ አቀበለ። ሻምበሉ ቀላ።

«እኔ። ዘመድ ሲሆን ይቀልላቸዋል ብዬ ነው።»

«የከበደው ዘመድ በመሆኑ ነው» አለች ወንፊት።

ይኼኔ የሟች ሚስት ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ደሙን እኔ አውቅ ነበር። ሦስት ቀን ልብሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ወታደሩ በቋንቋችን ያጠናትን ‹ሴት ወንዶች ጋ አይገባም፣ ባህላችሁ ነው› ብሎ መለሰኝ። የማን ባህል? አርባ ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ እኮ! አንተም ልጄ፣ ስትገባ ስትወጣ ሰላም እያልከኝ ታልፍ ነበር። ምነው አንድ ቀን ብትጠይቀኝ?»

ሐኪሙ አስተርጓሚውን «ምን አሉ?» አለው። እዚያ መካከል የሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረምና፣ ከ«አፈርኩ» ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ነገረው። ሐኪሙ ወረቀቱን አንሥቶ አየና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ውጭ ድንጋይ አጥሩን መታ። ማንም ሳይልከው አስተርጓሚው ወጣ። ስለ ዓይነ ምድሩ፣ ስለ ደሙ፣ ስለ ሐፍረቱ፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ጮኾ ተናገረ። አማቱ አጠገቡ ቆመው እስኪጨርስ ጠበቁት፤ ከዚያ ቀና ብለው ሳያዩት ወደ ባላቸው አስከሬን ሄዱ።