የድንጋይ ማማ ባዶ ወንበሮች

ውባንተ ገና ያልተወለዱትን ልጆች ላለመርገጥ ግድግዳውን ታክኮ ይሄዳል። ቢረግጣቸውም አይጎዱም፤ ብርሃን ናቸው። ግን የተረገጠ ሰው ሌላውን ሲረግጥ አያምርበትም።

ሥራው የ«መንትያ»ን መስታወቶች መወልወል ነው። መንትያ የከተማው ተማሪና አስተማሪ ሁሉ በብርሃን ተቀርጾ፣ መጪውን ሃያ ዓመት በአንድ ጠዋት የሚኖርበት፣ ሲጠይቁትም የሚመልስ የስሌት አዳራሽ ነው። የትምህርት ቢሮው በጀት የሚደለድለው እሱን አይቶ ነው።

በጀቱ ሊጸድቅ አንድ ሰዓት ሲቀረው ውባንተ የድንጋይ ማማ ትምህርት ቤት ጥግ ደረሰና ቆመ። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። የገዛ ልጁ ማኅደር የምትማረው እዚያ ነው፤ ትናንት እንኳ አንድ ወንበር ላይ ለአራት ተጣበን ዋልን ብላ ስታማርር ነበር። መስታወቱ የቆሸሸ መስሎት ደጋግሞ ወለወለ። ያው ባዶ።

«መንትያ፣ ልጆቹ የት ሄዱ?»

«ተበተኑ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ።»

«ለምን ተዘጋ?»

«ቢሮው ዛሬ ይህን ባዶ ክፍል አይቶ በጀቱን ስለሚሰርዝ።»

«ክፍሉስ ለምን ባዶ ሆነ?»

«በጀቱ ስለሚሰረዝ።»

«አንተ እኮ ልጆቹን አላሰላህም!»

«ልጆቹ ቀላል ናቸው፤ በሩ ከተከፈተ ይመጣሉ። ያሰላሁት ቢሮውን ነው። በበጀቱ ጉባኤ አንድ ሰው ተነስቶ ቢቃወም እንደገና አሰላለሁ። እስከ ዛሬ የተቃወመ የለም።»

ውባንተ ጨርቁን እንደያዘ ወደ ቢሮው ኃላፊ ወደ ዶክተር እስከዳር ሮጠ።

«ዶክተር፣ ድንጋይ ማማ ባዶ አይደለም! ማሽኑ ያሰላው ልጆቹን ሳይሆን እኛን ነው።»

«ጋሼ ውባንተ፣ ስንተኛ ክፍል ነበር ያቋረጥከው?»

«ሰባተኛ።»

«በል እንግዲህ፣ ሃያ ዓመቱን ለእኛ ተወውና አንተ መስታወትህን ወልውል።»

አጠገቧ የነበሩት ሳቁ። አንዱማ «ነገ ደግሞ ጥበቃው ፕላን ያወጣልናል» አለ።

በበጀት ጉባኤ የቢሮው ሠራተኛ በሙሉ፣ ጽዳቱም ጥበቃውም፣ መገኘት አለበት። ውባንተ ከኋላ ተቀመጠ። ዶክተሯ አነበበች፤ «ድንጋይ ማማ፣ ተማሪ የለም፣ በጀት ዜሮ። ተቃውሞ ያለው አለ?»

ውባንተ ከወንበሩ ግማሽ ድረስ ተነሳ። ያ የሳቀበት ሰው ዞር ብሎ አየው፤ ፊቱ ላይ ሳቁ አሁንም አልጠፋም። ውባንተ ሱሪውን እንደሚያስተካክል ሰው ጎተት አደረገና ተቀመጠ።

«ተቃውሞ ከሌለ በጭብጨባ እናጽድቀው።»

አዳራሹ አስተጋባ። ውባንተ መዳፉ እስኪግል አጨበጨበ፤ ሲያጨበጭብ እንደነበር ያወቀው ሌላው ሰው ካቆመ በኋላ ነው።

ሰዉ ወጥቶ ሲያልቅ ወደ መንትያ ተመለሰ። መስታወቱን እየወለወለ ጠየቀ።

«እኔንም አስልተኸኝ ነበር?»

«መጀመሪያ ያሰላሁት አንተን ነው፤ ከጉባኤው ወንበሮቹ ባዶ እንዳልሆኑ የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክና።»