የእርሳስ ዱቄት

«ሌባ ጓጉንቸር ጠግኖ ሲሄድ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለች ሬዲዮ። ወሬ ስትጀምር ማቆሚያ ስለሌላት ነው ክፍሉ በሙሉ እንዲህ የሚጠራት። «ስንት ዘመን ሲያስቸግረን የኖረ ጓጉንቸር፣ ዛሬ ጠዋት አባዬ ቁልፉን ሲከትበት ሰተት ብሎ ገባ! አቦ፣ ሙድ ያለው ሌባ ነው!»

ሚጡ አልሳቀችም። ሌሊት በተዘረፈው የሬዲዮ አባት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በር ላይ ቆማ ጓጉንቸሩን ታያለች። አልተሰበረም፤ በመጋዝ አልተቆረጠም። ቀዳዳው ዙሪያ ግን ጠቆር ያለ ዱቄት አለ። በጣቷ ነካ አደረገችው። የእርሳስ ዱቄት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ዘይት ነበር የሚያፈስበት። ዘይት ግን አቧራ ይሰበስብና እያደር ጓጉንቸሩን ያንቀዋል። ቁልፍ ቀራጩ አባቷ እርሳስ በምላጭ ፍቆ ዱቄቱን ቀዳዳው ውስጥ እፍ ይልበታል። «የሰው ጓጉንቸር ከፍታችሁ እንደታመመ አትመልሱ» እያለ ነው ለሁለቱ ልጆቹ ሥራውን ያስተማራቸው።

«ዘበኛውን ፖሊሶች ወስደውታል» አለች ሬዲዮ፣ ድምጿን ቀነስ አድርጋ። «ካልተሰበረ ያው በቁልፍ ነው የተከፈተው። ቁልፍ ያላቸው ደግሞ አባዬና እሱ ብቻ ናቸው። ‹እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር› እያለ ሲምል ሲገዘት አንጀት ይበላ ነበር።»

ዘበኛው ጠዋት ጠዋት «የኔ ምሁር፣ ዛሬስ ምን ፈለግሽ?» እያለ የሚቀልድባት ሽማግሌ ነው። ሚጡ በሩን ማን እንደከፈተው አውቃለች።

ለሬዲዮ፣ ወንድሟ ውጭ አገር እንደሚማር ነግራታለች። ወንድሟ የሚያድረው ግን መናኸሪያው ጀርባ፣ ካርቶን ላይ ነው። የአእምሮ ሕመሙ ሲጀምረው ግድግዳ ውስጥ ሰው የሚያለቅስ ይሰማው ነበር። ሆስፒታል መድኃኒት ሰጡት፤ ሲሻለው ተወው፤ ሲተወው ባሰበት። ሌሊት እየወጣ ሲጠፋ አባቷ የሚይዘው የሚጨብጠው ቢያጣ ክፍሉን ቆለፈበት። ቁልፍ መክፈት በገዛ እጁ ያስተማረውን ልጅ! ጠዋት በሩ ተከፍቶ፣ ቀዳዳው በእርሳስ ዱቄት ለስልሶ ተገኘ። ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ ቤት አልገባም።

ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ሰው እንዳያያት ዙሪያዋን እየቃኘች ዳቦ ታቀብለዋለች። በቀደም እርሳስ ጠየቃት። ሊጽፍ መስሏት፣ ደስ ብሏት ነበር የሰጠችው።

ዛሬም እዚያው አገኘችው። ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል፤ ጣቶቹ ጠቁረዋል።

«ጋሽዬ፣ የመደብሩን በር አንተ ነህ የከፈትከው?»

«ሰው ተቆልፎበት ነበር» አለ፣ ሳይደነግጥ። «ከፍቼ ጠበቅሁ። ልጆቹ ዕቃ ብቻ አውጥተው መልሰው ዘጉት፤ ሰው ግን አልወጣም።»

«የትኞቹ ልጆች?»

«እዚህ የሚያድሩት። መጥተው ‹ሰው እያለቀሰ ነው፣ ና ክፈትለት› አሉኝ።» ፊቱ በራ። «ሚጡዬ፣ ለካ እነሱም ይሰማቸዋል! እኔ ብቻ አይደለሁም።»

ሚጡ ልጆቹን ጠላቻቸው፤ ዕቃ ስለሰረቁ ሳይሆን ይህን ደስታ ስለሰጡት።

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ልጆቹ ነገም መጥተው ሰው ያለቅሳል ይሉታል፤ ሽማግሌውም እንደታሰረ ይቀራል። ብትናገር ደግሞ ወንድሟን ይወስዱታል። እሷም ትምህርት ቤት የእብድ እህት፣ የሌባ እህት ትባላለች።

«የመደብሩ ዘበኛ ታስሯል» አለችው። «እሱ የከፈተው መስሏቸው።»

«ተቆልፎበታል?»

«አዎ።»

ብድግ አለ። «ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» ከኪሱ ሽቦውን አወጣ።

ምንም ሳትነግረው እጁን ይዛ ብትወስደው ይከተላት ነበር። ልታታልለው ግን አላስቻላትም።

«በሽቦ አይከፈትም፣ ጋሽዬ። መጀመሪያ አባባ ጋ እንሄዳለን። ከዚያ አብረን ጣቢያ ሄደን ‹እኔ ነኝ የከፈትኩት› ትላለህ። መታመምህንም አባባ ይነግራቸዋል። ግን እሱን ሲያስወጡ አንተን ሊያስገቡህ ይችላሉ።»

ሽቦውን በጣቶቹ አገላበጠ።

«አንቺ ከውጭ ትሆኛለሽ?»

«እሆናለሁ።»

ሽቦውን መዳፏ ላይ አኖረላት።

ወደ አባቷ የቁልፍ መቅረጫ ኪዮስክ በጓሮ መዞር ይቻል ነበር። ሚጡ ግን በዋናው መንገድ፣ በመደብሩ ፊት ለፊት ሄደች። ሬዲዮ ባዶ እግሩን የሚራመደውን ሰው አየች፤ የተያያዙትን እጆች አየች።

«ወንድሜ ነው» አለቻት ሚጡ። «ዘበኛው አልከፈተም። ለአባትሽ ንገሪው፤ ጣቢያ እንገናኝ።»

ጥቂት እንደሄዱ ወንድሟ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንሾካሾከ። «የእስር ቤት ጓጉንቸር ደረቅ ነው። ስትመጪ እርሳስ እንዳትረሺ።»

«አልረሳም» አለች። እንባዋን የምትጠርግበት እጅ ነጻ አልነበረም፤ በአንዱ ሽቦውን፣ በሌላው እሱን ይዛለች። እንባዋ እንዲሁ እየፈሰሰ ሄደች።