ከምስማሩ የጠፋችው ቋጠሮ

ስሚኝማ የኔ ሸጋ፣ ሄለን ገመዷን ከሰሌዳው ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ስትወሽቅ ማንም አላያትም። አንቺ ራስሽ እዚያ ብትኖሪ አትጠረጥሪያትም ነበር። ደግ ልጅ ናት እኮ።

ፀዳ ትምህርት ቤት፣ ሰባተኛ ቢ ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ዴስክ። ሄለን የምትቀመጠው ከአምሳል ጋር ነው። አምሳል አትናገርም። ዓይኗ የሚለየው ብርሃንና ጥላን ብቻ ነው። ቀኝ እጇ ግትር ነው፤ ግራው ግን ጊዜ ከሰጡት ይታዘዛል። ቲቸር የዓለምወርቅ ለዚያ ግራ እጅ ብለው ከኮምፔንሳቶ ቁራጭ ትንሽ ሰሌዳ ሠሩላት። የተለጠፈበት የበግ ለምድ «አዎ» ነው። ሻካራው ወረቀት «አይ» ነው። ማንኪያው «ራበኝ»። ጥጉ ላይ ካለችው ምስማር ደግሞ ቋጠሮ ያላት አጭር ገመድ ተንጠልጥላለች። እሷ «አልጨረስኩም» ናት።

ደንቡንም ቲቸር ናቸው ያወጡት፤ ጠይቁ፣ እጃችሁን ሰብስቡ፣ በልባችሁ እስከ ሃያ ቁጠሩ።

ሃያ! ሄለን እኮ እናቷ «አንቺ ጸሎቱ ሳያልቅ አሜን የምትዪ» የሚሏት ልጅ ናት። የአምሳል እጅ ገና ሲንፏቀቅ፣ ሰሌዳውን ትንሽ ገፋ ታደርገዋለች፤ ትክክለኛው መልስ ሄዶ ከጣቶቿ ሥር ይገባል። «አገኘች!» ትላለች፤ ክፍሉ ያጨበጭባል። ባለፈው ፈተና ዘጠኝ ከአሥር አመጣች። እጇ ወደ ገመዷ ሲሄድ ግን «ውይ፣ ሳተች» ትላለች። ኋላ ላይ «እንዲያውም ይቺ ገመድ ጣቷን እየጠለፈችባት ነው» ብላ ፈታቻት።

በክፋት እንዳይመስልሽ። ሐሙስ ከትምህርት ቢሮ አንድ ሰው አምሳልን ሊያዩ ይመጣሉ። ትምህርቱን ከተከተለች እዚሁ ትቆያለች፤ ካልሆነ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ልዩ ክፍል ትመለሳለች። እዚያ ያሉት ፊደል የሚቆጥሩ ሕፃናት ናቸው። አምሳል ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው።

ረቡዕ ሲለቀቁ ከኋላቸው የምትቀመጠው ምሥራቅ የሄለንን ክንድ ያዘች።

«አንቺ፣ ገመዷስ?»

«የምን ገመድ?»

«ኧረ ባክሽ አትሸውጂኝ። ጥርሱ እንደወለቀ ልጅ ምላስ፣ ጣቷ ያቺን ባዶ ምስማር ሲልስ ነው የዋለው።»

«ሐሙስ ይለፍና እመልሳታለሁ። ትውደቅ ነው የምትይው?»

«እኔ ምን አልኩ? ግን ዘጠኙን ያመጣችው ማናት? እሷ ናት አንቺ?»

«ሂጂ ወዲያ፣ ነገረኛ!»

ቤት ስትደርስ እናቷ ገና ከበሩ ተቀበሏት።

«ምነው ፊትሽ? አሞሻል አይደል? ርቦሽ ነው፣ ነይ ብዪ።»

ሄለን ለመመለስ አፏን ስትከፍት ሳህኑ ፊቷ ቀርቧል። አልራባትም ነበር። በላች።

ሐሙስ የመጡት ሰው አቶ ሐብተ ማርያም ይባላሉ። ወንበር ስበው ከአምሳል ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

«በይ ልጄ፣ ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው በሥሩ ነው?»

መልሱ «አይ» ነው። ሄለን መቁጠር ጀመረች። ስምንት ላይ የአምሳል እጅ ተነሣ፣ ተንሳፈፈ፣ ለምዱ ላይ አረፈ። «አዎ»።

ሰውዬው እስክሪብቷቸውን አዘጋጁ። አንድ ጣት ያህል መግፋት ነበር የሚበቃው። የሄለን እጅ ሰሌዳውን ነክቶ ነበር። የአምሳል እጅ ግን ከለምዱ ተነሥቶ ወደ ጥጉ ሄደ፣ ባዶዋን ምስማር አገኘ፣ ዳበሳት። እንደገና ዳበሳት።

ሄለን ቦርሳዋን ከፈተች።

«ቲቸር፣ ይቺ ገመድ እኔ ጋ ነበረች።» ገመዷን አወጣች። «ዘጠኝ ያመጣች ጊዜም ሰሌዳውን ስገፋላት የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንዱ «ጉድ ፈላ» አለ። ቲቸር የዓለምወርቅ ወደ ምስማሯ ጠቆሙ።

«እሰሪያት» አሉ።

አሰረቻት። አቶ ሐብተ ማርያም ሰዓታቸውን አዩ።

«እና መልሷን አዎ ብዬ ልጻፍ?»

ሄለን አፏን ከፍታ ነበር። ዘጋችው። ወደ አምሳል ጆሮ ጠጋ አለች።

«አምሳል፣ ጨረስሽ?»

እጆቿን ከጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸው። አምስት። ዘጠኝ። ውጭ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋ። ዐሥራ ሰባት። ሃያ ሞላ፤ ምንም የለም። መቁጠሯን ቀጠለች። ሃያ ስድስት ላይ የአምሳል ጣቶች ቋጠሮዋን ጨብጠው ወደ ደረቷ ሳቡ።

«ምን አለች?» አሉ ሰውዬው።

ሄለን ምንም አልጨመረችም፤ ጓደኛዋ ያለችውን እንዳለችው ነገረቻቸው።

«አልጨረስኩም።»